የእምዬ አጥር

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቤታችንን አልፎት ሄደ። ልጁን አልወቅሰውም፤ «የስሚዛ አጥር ያለው ጊቢ ጋ ስትደርስ አውርደኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስሚዛው የለም። በቦታው ከጥግ እስከ ጥግ ግራጫ ብሎኬት ቆሟል፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶበታል፤ መሀሉ ላይ ሰማያዊ የብረት በር። እናቴ በስልክ «አጥሩን አሳመርነው» ስትለኝ የከረከሙት መስሎኝ ነበር።

አልፈርድባቸውም። አያቴ እምዬ ካረፈች አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ጊቢው ለልጆቿ ተከፋፍሏል፤ አጎቴ በድርሻው ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ስድስት ክፍሎች ሠርቷል። ተማሪ ላፕቶፕ አለው። ላፕቶፕ ያለው ሰው በስሚዛ አጥር ተማምኖ አይተኛም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ከባንኮኒ ጀርባ ስቆም አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ለተቆረጠ ቁጥቋጦ በር ላይ ቆሜ እንባ ሲተናነቀኝ ራሴን ታዘብኩት። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ዙሪያውን ዞርኩ። ምኑ የት እንደነበር እግሬ ያውቀዋል።

ከበሩ በስተቀኝ ስሚዛው ይጀምር ነበር። ነጭ አበባውን እየነቀልን ከሥሩ ያለችውን ጣፋጭ ጠብታ የምንመጠው እኛ ልጆች ነን። በስሚዛው ላይ እንዶዱ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ እሱን ማንም አልተከለውም፣ ወፍ ነው ያመጣው። በጓሮ በኩል ከማድ ቤቱ ጀርባ ግራዋው፣ ከጣሪያው የሚበልጥ። ከግራዋው አጠገብ ሦስት እግር ጌሾ። ከደጁ ወዲያ፣ የእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት ጥግ ላይ ደግሞ ጤና አዳምና ዳማከሴ ጎን ለጎን፤ እነሱን ለመቅጠፍ እምዬ ነጠላዋን መደረብ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ማዕዘኑ ላይ አንድ ብሳና። አሁን የቀረው ብሳናው ብቻ ነው፤ እሱም ቅርንጫፉ ተመልምሎ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበታል።

ከሁሉም የናፈቀኝ ዳማከሴው ነው። በእኛ ቤት ምች የማይመታው ሰው አልነበረም። ወጥ ስታማስዪ ቆይተሽ ፊትሽን ሳትታጠቢ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ምች ነው። ትኩሳት ይመጣል፣ ራስ ይከብዳል፣ በማግስቱ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ይደረደራሉ። እምዬ ቅጠሉን ታጥበውና በመዳፎቿ መሀል ታሸዋለች፤ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። ሁለት ጠብታ በአፍንጫ፣ ቀሪውን ግንባርና አንገት ላይ፣ የተረፈችው ደግሞ ትኩስ ቡና ውስጥ። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ ማላብ። ሽታው እስከ አሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ በሶብላ ይመስላል፣ ግን የበሶብላ የዋህነት የለውም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለዚያ የከንፈር ቁስል ስማር አስተማሪያችን ሄርፐስ የተባለው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር፣ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ኃይለኛ ፀሐይ እንደሆነ ሲናገር ሳቄ አመለጠኝ። ለዕረፍት ስመለስ በኩራት «እምዬ፣ ምች የምትይው እኮ ቫይረስ ነው» አልኳት። ጤፍ ስትለቅም ቀና እንኳ አላለችም። «ስሙን አንቺ ታውቂ ይሆናል። ፀሐይ እንደሚያስነሳው ግን ነግሬሽ ነበር» አለችኝ።

ዳማከሴ ቫይረሱን ይገድላል እያልኩ አይደለም። ቁስሉ ማንም ባይነካውም በሳምንት፣ በአሥር ቀን በራሱ ይደርቃል። ግን ለምች ብለው ባንኮኒዬ ላይ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የሚጠይቁኝን ሰዎች ሳይ ምርጫው የቱ ጋ እንደሚሻል አይጠፋኝም። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ ላይ እንጂ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዳማከሴው ቢያንስ ለቡናው ሽታ ይሰጣል፣ ሰውየውንም አንድ ቀን ያስተኛዋል።

እምዬ ሁሉን ታውቅ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ለምሳሌ ስሚዛ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሲመጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ የስሚዛ ቅጠል ተጨምቆ ይሰጠዋል፤ ቅባት ይከለከላል። አብዛኛው ይድናል። ልጅ ሳለሁ እጇን እንደ ተአምር ነበር የማየው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ብዙውን ሰው ቢጫ የሚያደርገው በምግብና በውሃ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ስሚዛ ተጠጣም አልተጠጣም። ምስጋናው ግን ለስሚዛው ይደርሳል። በራሱ የማይለቀው ዓይነት፣ ዓመታት ቆይቶ ጉበትን የሚያኮማትረው፣ ሲመጣ ደግሞ ያው ስሚዛ ይሰጠዋል። የአንዲት ጎረቤታችን ባል ሦስት ወር ስሚዛ ሲጠጣ ከርሞ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ነው ሆስፒታል የደረሰው። እምዬ ለቅሶው ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዓይን ስታይ ቅጠሉን ትሰጥና «ነገ ጠዋት ግን ሐኪም ቤት» ማለት ጀመረች። ይህቺ «ግን» ከብዙ ነገር ትበልጥብኛለች።

ኮሶ አጥራችን ውስጥ አልነበረም። ደጋ ይወዳል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጡ ገበያተኞች ናቸው የደረቀውን አበባ የሚያመጡት። እምዬ የምትገዛው ቀላ ያለውን የሴቴውን ዛፍ አበባ ነው፤ የወንዴውን እጇ ላይ አገላብጣ ትመልሰዋለች። ኮሶ የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም ነው። «ኮሶ አለብኝ» ያለ ሰው ኮሶ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ድሮ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ነበር፣ በዚያን ቀን ሰው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም።

ኮሶ መጠጣት ማንንም አያሳፍርም፤ ኮሶ መሸጥ ግን ያሳፍር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ የስድባቸው ሁሉ ራስ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ የተያዘው ግን እሱ ሆነ። ካሳም፣ «እናቴ ዛሬ ኮሶዋ ስላልተሸጠላት እህል የሚገዛ አጣን፣ በል የተረፈውን አንተ ቅመሰው» ብሎ አጠጣው ይባላል። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እምዬ ናት። የነገረችኝ ደግሞ እኔኑ ኮሶ ልታጠጣኝ ጣሳውን ይዛ ቆማ ነው።

ኋላ የዛፉን የላቲን ስም ስማር ሌላ ነገር አገኘሁ። ሀጌኒያ ይባላል፤ የተሰየመው በካርል ጎትፍሪድ ሀገን ነው፣ በኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቤት በነበረው ጀርመናዊ። እንደኔው መድኃኒት ቀማሚ መሆኑ ነው! የኮሶ ዛፍ በማይበቅልበት አገር የሚኖር የሙያ አጋሬ ስሙን ከዛፋችን ላይ አኖረ፤ እዚህ ዛፉን የሚያውቁት፣ አበባውን ለይተው ገበያ የሚያወጡት ደግሞ ስማቸው ስድብ ሆነ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ቀልድ ሆኖብኝ ግን አይደለም።

የኮሶ ነገር መጠኑ ነው። እምዬ በራሷ እፍኝ ነበር የምትሰፍረው፤ ለልጅ ግማሹን፣ ለእርጉዝ ፈጽሞ፣ ለከሳ ሰው ደግሞ «መጀመሪያ ይብላ» ትላለች። አጎቴ አንድ ጊዜ እሷ ሳትኖር ከገበያ ገዝቶ፣ የመጀመሪያው አልሠራም ብሎ በማግስቱ ደገመው። አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ ማታ ላይ ብርሃኑ ደበዘዘብኝ እያለ ግድግዳ መዳበስ ጀመረ። ዓይኑ ተመለሰለት፤ ሳይመለስላቸው የቀሩም አሉ። ዛሬ «የኮሶ መድኃኒት አለ?» ብሎ ለሚመጣ ሰው ክብደቱን ጠይቄ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል እሰጠዋለሁ። ይህን ለእምዬ ስነግራት እንደማትከራከረኝ አውቅ ነበር። «እሰይ! እኔም እሱን ስጪኝ» አለች። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ስለ ጥንታዊ ጥበብ አይዘፍንም።

እንዶዱን ደግሞ እንደ ሳሙና ነበር የምናውቀው። ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋው ጉድ ነው፤ ጋቢ እንደ እንዶድ የሚያነጣው የለም፤ ኦሞ እስኪገባ ድረስ። 1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ ዑደቱን አይጨርስም። ከዚያች እይታ ስንት ዓመት የፈጀ ምርምር ወጣ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ሳነብ የሚታየኝ ወንዝ ዳር ልብሳቸውን የሚረግጡት ሴቶች ናቸው። እምዬን ነው የሚመስሉኝ። እንዶድ ከብት በሚጠጣበት ውሃ ላይ እንዳይታጠብ ስትቆጣ ሰምቻለሁ። እንዶድ ሆድ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በዚያ ሠፈር ያላየች ሴት የለችም፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ግራዋ ላይ ስደርስ ታሪኩ ከሰውም ያልፋል። እኛ ቤት ግራዋ ጋን ማጠቢያ ነው፤ ለጠላ የሚሆነው ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቦ፣ በወይራ ይታጠናል። ሆድ ለነፋውም ጭማቂው ትንሽ ይሰጣል፤ ምሬቱ እስከ ጆሮ ይደርሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ ማሃሌ ተራሮች ላይ ማይክል ሃፍማን የተባለ ተመራማሪ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይከተል ነበር። ከቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ሰብራ፣ ቅጠሉንና ልጡን ገፍፋ፣ ውስጡን አኝካ መራራውን ውሃ ትመጥጣለች፣ ገለባውን ትተፋለች። አብሮት የነበረው የአካባቢው ሰው መሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ይህ እኮ የእኛ ሰዎች መድኃኒት ነው አለው። ቺምፓንዚዋ በማግስቱ አገግማ ታየች። ያ ቁጥቋጦ ግራዋ ነው! ከማድ ቤታችን ጀርባ የነበረው ራሱ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። በሠፈራችን አንድ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው ሥር ይምሳሉ፤ ከተናገሩት ኃይሉን ያጣል ይላሉ። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፈ የብራና ደብተር ነበራቸው፤ ለሚስታቸው እንኳ አያሳዩም። ሰው ይፈራቸው ነበር፤ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚለው ስድብም ለእሳቸው ነበር የሚነገረው፣ በሌሉበት። ሞቱ። ደብተሩ ግን አለ፤ ልጃቸው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ይዞታል፤ አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ ያገኘው ይሆናል።

የእምዬ ግን አልተቆለፈም ነበር። ጎረቤት ከማዶ «እትዬ፣ ጤና አዳም!» ብላ ትጣራለች፤ እምዬ ቀጥፋ በአጥሩ ላይ ታቀብላታለች፤ ስታቀብላት «ለማን ነው?» ትላለች፤ ለእርጉዝ ልጇ ከሆነ ትመልሰዋለች። ትምህርቱ በሙሉ ይኼው ነበር። ማንም ምስጢር ስላላደረገው ማንም አልጻፈውም። እኔም አልጻፍኩትም። ዓመት ሙሉ ዲጂታሊስና ቤላዶና ስለተባሉ የፈረንጅ መድኃኒት ተክሎች አጥንቻለሁ፤ ሁለቱንም መሬት ላይ አይቻቸው አላውቅም። ለፈተና የካንሰር መድኃኒት የሚወጣባትን የማዳጋስካሯን አበባ ኬሚካሎች በቃሌ ይዤ ለዕረፍት ቤት ስመጣ እምዬ ጓሮ ውስጥ አጎንብሳ ምን እንደምትቀጥፍ አልጠየቅኳትም። እዚያ ስለምትኖር፣ አጥሩም እዚያ ስለሚኖር።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል መድኃኒት ቤታችን በር ላይ ለማስክና ለሳኒታይዘር የነበረው ሰልፍ አይረሳኝም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ያኔ ደውዬ «እምዬ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስላት «አጥሩን ሊጨርሱብኝ ነው» አለችኝ። ሠፈሩ በሙሉ ዳማከሴና ባሕር ዛፍ ለመታጠን ይመጣል ማለቷ ነው። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው፤ ከአውስትራሊያ። እንግዳም ቢሆን ደጅ ላይ ከቆመ መድኃኒት ይሆናል። እምዬ ሥራውን እንጂ ዘሩን ጠይቃ አታውቅም።

ዛሬ በባዶው ቦታ ሌላ ነገር ገብቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ፣ ሁልጊዜ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ አባት፣ ሁለት ወር ጠፍተው መጡ። እግራቸው ላይ ቁስል አለ። ከቴሌግራም ላይ «ስኳርን ከነሥሩ የሚነቅል» የተባለ ዱቄት ገዝተው ክኒኑን አቁመዋል። ዱቄቱን በፌስታል አምጥተው አሳዩኝ። አሸተትኩት፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ እሳቸውም አያውቁም። የሸጠላቸው ሰው ፊቱን አያሳይም፣ «ለማን ነው?» ብሎም አልጠየቃቸውም። «አባቴ፣ ይህ ያቆሙት ክኒን እኮ ዘሩ ከቅጠል ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ጋሌጋ የሚባል አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል ተክል አለ፣ የሜትፎርሚን ሐሳብ የመጣው ከእሱ ነው፤ ሰዎች ከቅጠሉ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው ለይተው ክኒን እስኪሆን ብዙ ዓመት ፈጀ። ቆዩና «ታዲያ ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» ብቻ ነው የምለው።

ከማርቆስ ስመለስ እናቴ በባዶ እጄ አልለቀቀችኝም። ዳማከሴው ሲነቀል አንድ ጎረቤት ሥሩን ወስዳ ኖሯል፤ ከእሷ ሦስት ቅርንጫፍ ለምና፣ በእርጥብ ጨርቅና በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ነበር። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ጠባብ ስለሆነ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ አፈር ሞልቼ በኮሪደሩ ላይ ከደጃፌ አጠገብ ተከልኳቸው። ሁለቱ ደረቁ። አንዷ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አዲስ ቅጠል አወጣች። ከፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ በሶብላ መስሏት «ለሽሮ እቀጥፋለሁ» አለችኝ፤ ሆድሽ ይጮሃል ብዬ ከለከልኳት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ግን አንድ ቅርንጫፍ የለም። ተጎትቶ አይደለም የተወሰደው፤ ከዓይኑ በላይ፣ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ሆኖ፣ በጥፍር ተቀንጥሷል። ልጅ እንዲህ አይቀጥፍም፤ በሶብላ የመሰለውም ሰው እንዲህ አይቀጥፍም። አራት ፎቅ፣ ሃያ ምናምን በር አለ። ማንንም አልጠየቅሁም። ውሃ አጠጣኋትና ጀሪካኑን ወደ ደረጃው ጠጋ አደረግኩት።